ባዶ ነው ያልኩት ሜዳ

ጡረታ ከወጣሁ ሰነበትኩ፤ ቀኝ እግሬ ግን ወሬው ገና አልደረሰውም። ዶሃ፣ ኡም ጉዋይሊና ሰፈር ውስጥ ከጥበቃ ሠራተኞች ጋር በምጋራው ክፍል ከምሳ በኋላ ጋደም ስል፣ እግሬ አንሶላው ሥር ሆኖ ፍሬን ይረግጣል። አብረውኝ ያሉት ልጆች ያዩታል።

«ጋሽ ታደሰ፣ የሲግናሉ ቀይ መብራት ያዘዎት እንዴ?»

ተኝቼ እነሣለሁ፣ ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬ አልረጋም። ወርጄ ከረክ የሚሉትን የወተት ሻይ አዛለሁ፤ ሻዩ ሳይበርድ ትቼው እመለሳለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ፌንጣ ሆኛለሁ። ልዩነቱ ፌንጣ ጉልበቷን የማያማት መሆኑ ነው።

ሻንጣዬ በሩ ሥር ቆማለች። ትኬቱ የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ካልሆነ እያልኩ ነው። ልጆቹ ሚስት ሊያገባ ነው ብለው ደምድመዋል። ላላስቀይማቸው ብዬ አላረምኳቸውም፤ እንዲህ ያለ ሐሜት በየዕድሜው አይገኝም። የምቸኩለው ግን ለሌላ ነገር ነው። አፋር ምድር ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ። ለእኚህ ሰው አንድ የተሳሳተ ወሬ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸውም አምነውኛል። እሳቸው ሳያልፉ፣ እኔም ሳልቀድማቸው፣ ፊት ለፊት ቀርቤ ማቃናት አለብኝ። ነገሩ የሥራ ዘመኔን መጀመሪያና መጨረሻ የያዘ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልነሣ።

የአዋሽ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። ለሀላይደጌ የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ ጠባቂ ሲፈለግ ተመዘገብኩ። ኃላፊው ለዓይን ምርመራ ብሎ ጣቢያው ጋ አቆመንና ከሩቅ የቆመ ፉርጎ አሳየን። «ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ» አለ። ሌላው ዓይኑን ሲያጨናብስ እኔ አንድ ፊደል ሳልስት ወጣሁት። ኃላፊው ተደነቀ፤ ንስር አገኘሁ ብሎ ቀጠረኝ። ያ ፉርጎ ከተበላሸ ጀምሮ እዚያው የቆመ፣ እኔም በልጅነቴ ስንጠላጠልበት የኖርኩ፣ ጽሑፉን ተኝቼ የምለው ነበር። ዓይኔ እንጀራ ሲያበላኝ እንግዲህ ገና ከጅምሩ በማጭበርበር ነው።

ሀላይደጌን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ጎብኚው አዋሽን ያይና ይመለሳል፤ እኛ ዘንድ የሚመጣው መንገድ የሳተ ብቻ ነበር። በር የለው፣ ሆቴል የለው። ያለው ሜዳ ነው፤ በደቡብ በኩል የአሰቦት ተራራ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ዓይን እስኪደክም ሣር። በሣሩ ላይ የሜዳ አህያ፣ ሰጎን፣ የሜዳ ፍየል፣ ከሁሉም በላይ ሳላ። ሳላን ላላየ ሰው፦ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተቀባ የሚመስል፣ ሲቆም እንደ ዳኛ የሚቆም እንስሳ ነው። ስለ ደመወዙ ብዙ አልናገርም፤ እሱም ስለ እኔ ብዙ የሚናገረው አልነበረውም።

ሥራውን ያስተማሩኝ አባ ሁመድ የሚባሉ የአፋር ሰው፣ ከሁላችን ቀድመው የተቀጠሩ ጠባቂ ናቸው። ሜዳ ሲደርሱ መጀመሪያ ይቀመጣሉ። «የቆመ ሰው ይታያል፣ የተቀመጠ ያያል» ይሉ ነበር። ከዚያ ደረቅ ሣር በጣታቸው ፈርከው ይለቁታል፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቁ ቃል አይተነፍሱም። አንድ ልማድ ደግሞ ነበራቸው፤ እሱን ለመንገር ዳጉን ማስረዳት አለብኝ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አይላቀቅም፤ ከየት መጣህ፣ ዝናብ ጣለ ወይ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ መንገድ ላይ ምን አየህ። ይህ ነው ዳጉ። ከብቱ የሚነዳው፣ ሰው የሚሰደደው በዚያ ወሬ ስለሆነ ውሸት አይገባበትም። ያየ አየሁ ይላል፤ የሰማ ሰማሁ ይላል።

በተቀጠርኩ ሰሞን አባ ሁመድ ሜዳ አወጡኝ። ተቀመጡ፤ ሣሩን ፈረኩ፤ በዱላቸው ወደ ምሥራቅ ጠቆሙ።

«ስንት ናቸው?»

አየሁ። ሣር ነው። ደግሜ አየሁ። ሣር ነው። በንስርነት የተቀጠረ ሰው ምንም አላይም ይበል?

«ሰባት» አልኩ።

«ወንዶቹስ?»

«ሁለት።»

«ጥጃ አላቸው?»

«አንድ አለች። ትንሽ ናት።»

«ሣር ጀምራለች ወይስ ገና ትጠባለች?»

እኔ እንደሆን ልቤ ሞልቷል። «ትጠባለች» አልኩ።

«ጥሩ» አሉ አባ ሁመድ ዱላቸውን እያወረዱ። «በል ሂድና እናቲቱን አልበህ ወተቱን አምጣልኝ። ጠምቶኛል።»

ጠባቂዎቹ ይህን ሰምተው ለዓመታት «ወተቱ እንዴት ሆነ?» እያሉ ሰላምታ አደረጉት። አባ ሁመድ ግን አልሳቁም። «አላየሁም ማለት አፍ አይቆርስም» ብለው አንዴ ተናገሩኝ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አብረን በወጣን ቁጥር ይጠቁማሉ፤ አንዳንዴ ሞልቶ፣ አንዳንዴ ባዶውን። እኔም ጎበዝኩ። ባዶ ሲሆን «ባዶ ነው» ስል ዞር ብለው በጎን ያዩኛል፤ የእሳቸው ሽልማት እሷ ናት።

ዕድሜ ሄደ፤ ልጆች መጡ፤ ደመወዙ ግን እንደ ፉርጎው እዚያው ቆመ። አንድ ዘመድ ቪዛ ላከልኝና ዶሃ ገባሁ፤ የቤት ሹፌር ሆንኩ። ባባ የምለው የአሠሪዬ ቤት ከአል ነስር ሰፈር ብዙ አይርቅም። ሥራዬ ሴት ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ሚስቱን ማዳምን ገበያና ዘመድ ቤት ማድረስ ነው። ወጣትነቴን አድማስ ሳይ፣ ጎልማሳነቴን ፊት ለፊቴ ያለውን የመኪና ቂጥ ሳይ ፈጀሁት ማለት ነው። ሲግናል ላይ ስንቆም ለባባ የሀላይደጌን ወሬ እነግረዋለሁ። የቤቱ ሠራተኛ ፀሐይነሽ፣ ምላስዋ የማይተኛ የጎጃም ልጅ፣ ከኋላ ተቀምጣ ትሰማለች። አረብኛውን ከእኔ ቀድማ ነው የያዘችው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ባለፈው አንበሳው አንድ ነበር። ዛሬ ሦስት ሆነ። እንዲህ ከቀጠለ ሜዳው አይበቃቸውም።»

«ይወልዳሉ እኮ ልጄ።»

«በእርስዎ አፍ ነው የሚወልዱት።»

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ ላይ ነገሩ ከወሬ አለፈ። ባባ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን መዝራ አለው፤ እርሻ ይባል እንጂ የሚበዛው አጥርና እንስሳ ነው። እዚያ መሃ ያረባል፤ መሃ ማለት በዚህ አገር በየግድግዳው የሚሣለው ነጩ የአረብ ሳላ ነው። የመዝራው ጠባቂ ሊሄድ ነው። እኔ ደግሞ ስድሳን ልደፍን ነኝ፤ ባባ ወጣት ሹፌር ከህንድ እያስመጣ መሆኑን ፀሐይነሽ ሹክ ብላኛለች። ሹፌሩ ሲመጣ እኔ ኸላስ፣ አበቃልኝ፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም። ማርጀቴን ልቀበለው እችል ነበር። የሥራ ዘመኔ ሲግናል ላይ እንዲያልቅ ግን አልፈለግሁም። በእንስሳ ጀምሬያለሁ፣ በእንስሳ ልጨርስ።

«ባባ፣ መዝራውን ለእኔ ስጠኝ» አልኩት አንድ ቀን።

«አንተ ሹፌር ነህ።»

«ሹፌርነቱ በኋላ የመጣ ነው። ሳላ ስጠብቅ ነው ያደግሁት።»

ባባ ትንሽ አሰበ። የመሃዎቹን የእኛ አገር ዘመዶች ማየት ሁልጊዜ ያምረው ነበር። «ያላ፣ ውሰደኝና አሳየኝ» አለ። «ካሳየኸኝ መዝራው ያንተ ነው። ካላሳየኸኝ ያው ወሬኛ ነህ።»

እዚህ ላይ ስለ አቧራው ልናገር። በዚያ ሰሞን ዶሃ አቧራዋ በዝቶብኝ ነበር። የመኪናውን መስታወት እጠርጋለሁ፣ መልሼ እጠርጋለሁ፣ አየሩ ግን እንደ ሻሽ ነው። «ዛሬስ አቧራው ጉድ ነው» ስል ፀሐይነሽ ቀና ብላ «የምን አቧራ?» ትላለች። በረሃ ውስጥ ተቀምጣ አቧራ የማታይ ልጅ ብዬ አዘንኩላት። ባባ ደግሞ መኪናው እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም ብሎ አመሰገነኝ።

ከሐማድ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተን አዲስ አበባ ገባን፤ መኪና ተከራይተን እኔው እየነዳሁ ወደ ቆላው ወረድን። ባባ የርቀት መነጽርና የቧንቧ ያህል የሚረዝም ካሜራ ይዟል። ሀላይደጌ ስንደርስ ሜዳው ተቀይሯል፤ ከውጭ የመጣው እሾሃም ዛፍ ዳር ዳሩን በልቶታል፤ ግመልና ፍየል በዝቷል። የሚያውቀኝ ጠባቂ አልነበረም። አባ ሁመድን ጠየቅሁ። በሕይወት አሉ፤ ጡረታ ላይ ናቸው።

መንደራቸው ጥላ ሥር አገኘናቸው። ድምፄን ሲሰሙ ተነሡና ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ወፍረሃል» አሉ ጉንጬን እየደባበሱ።

ዳጉ ተለዋወጥን። ስለ ዶሃ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ስለ ሹፌርነቱ፣ ስለ መዝራው፣ ሥራዬ በዚህ ጉብኝት ላይ እንደተንጠለጠለ። ስለ ሳላዎቹ ስጠይቃቸው «ትናንት ጠዋት ከጉብታው ወዲያ ነበሩ፤ ሰማሁ» አሉኝ። አብረውን ሊሄዱ ተነሡ፤ እስከ መኪናው ክንዴን ጭብጥ አድርገው ይዘው ሄዱ። ናፍቄያቸው ነው ብዬ እኔም ጠበቅ አድርጌ ያዝኳቸው።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልቀናንም። እንዲያውም እኔ ከርከሮ ብዬ ያሳየሁትን ባባ በካሜራው አይቶ ጉቶ ነው አለ። «ተሸሸገ» አልኩት። በማግሥቱ በማለዳ ወጣን። ባባ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ መነጽሩን ይዞ ተቀመጠ። እኔና አባ ሁመድ ትንሽ ራቅ ብለን አንድ ግራር ሥር አረፍን። እግሬ አይረጋም። ሞተሩን አስነሥቼ ሜዳውን ላስስ እላለሁ፣ አባ ሁመድ «ተቀመጥ» ይሉኛል። እቀመጥና ደግሞ እነሣለሁ። አቧራው ሀላይደጌ ድረስ ተከትሎኛል፤ አድማሱ ሁሉ ሻሽ ለብሷል።

አባ ሁመድ ሣር ፈርከው ለቀቁ። ራሳቸውን ትንሽ ቀና አደረጉ። ከዚያ በዱላቸው ወደ ምሥራቅ ጠቆሙ።

«ስንት ናቸው?»

አየሁ። ሣር፣ ግራር፣ ጭጋግ። ምንም የለም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ወተቱን አስታወሱ። ስንት ዘመን አልፎ፣ በስተርጅናዬ፣ በአሠሪዬ ፊት ሊያጠምዱኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

«ባዶ ነው!» አልኩ። «ሁለተኛ አይይዙኝም፣ አባ ሁመድ።»

ዱላቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። በጎን አላዩኝም።

ባባ ከመኪናው በእጁ ጠራኝ። ሄድኩ። ከጣሪያው ወርዶ ካሜራውን አፍንጫዬ ሥር አስጠጋውና ከኋላው ያለችውን መስታወት አሳየኝ። ሳላ። የሳላ መንጋ። ቀንዳቸው ቀጥ ብሎ፣ ፊታቸው በጥቁርና በነጭ ተቀብቶ፣ እንደ ዳኞች ቆመው።

«ማሻአላህ! የት ነው ያነሣኸው?»

ባባ አየኝ። ከዚያ ጣቱን ዘረጋ፤ አባ ሁመድ በጠቆሙበት በዚያው አቅጣጫ። «እዚያ» አለ። «አሁን። ቆመው ያዩናል እኮ።»

ወዲያ አየሁ። ሻሽ። መስታወቷን አየሁ። ሳላ። ደግሜ ወዲያ አየሁ።

«ታደሰ፣ አይታዩህም?»

ዶሃ ውስጥ ሰው አርቆ የሚያይበት ቦታ የለም። መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ቀይ መብራት ቅርብ ነው፤ የፊተኛው መኪና ቅርብ ነው። ዓይኔ ጥቂት በጥቂት ሲከዳኝ የሚያጋልጠኝ አድማስ አልነበረኝም። አቧራ ነው ብዬ ስጠርገው የኖርኩት የገዛ ዓይኔን ኖሯል።

ባባ ፊቱ ተለወጠ። «ልጆቼን…» ብሎ ጀመረና ተወው። እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን አምጣ።»

ሰጠሁት። ያሰብኩት ስለ መዝራው አልነበረም። ዶሃ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የኋላ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አቅፈው የሚያንቀላፉት ሁለቱ የባባ ልጆች ታዩኝ። እነሱ እንኳ ያን ቀን ጥርት ብለው ነው የታዩኝ።

ባባ ራሱ እየነዳ አባ ሁመድን መንደራቸው አደረስናቸው። እኔ በመንገድ በመስኮቱ ወደ ውጭ ብቻ እያየሁ ሄድኩ። ባባ ቴምር ሰጣቸው፤ ቋንቋ ስለሌላቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ተለያዩ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ተሰናበትኩ። «አይዞህ፣ ሌላ ቀን ይቀናችኋል» አሉኝ። ማላገጥ መሰለኝና ተቀየምኳቸው። ፊቴን አዙሬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ከአዋሽ ሹፌር ቀጠርንና ተመለስን፤ ባባ ሽማግሌው ምን እንዳሉኝ ሲጠይቀኝ፣ ስንት ናቸው ብለውኝ ባዶ ነው እንዳልኩ ነገርኩት።

ዶሃ ስገባ ሻንጣዬን ሸከፍኩ። ባባ ግን የዓይን ሐኪም ዘንድ ላከኝ፤ የዓይን ሞራ ነው ተባለ። አንደኛው ዓይኔ ተሠራ፤ ሁለተኛው ተራው ሳይደርስ ኮሮና መጥቶ ሁሉ ተዘጋ። ኮሮናን በአንድ ዓይን አየሁት፤ ለእሱስ አንዱም ይበዛበታል። አንድ ቀን ባባ መጣና «መዝራ ትሄዳለህ» አለኝ።

«አላሳየሁህም እኮ።»

«የቀድሞው ጠባቂ በደወልኩ ቁጥር ኩሉ ተማም፣ ሁሉ ደህና፣ ይለኝ ነበር፤ እኔ ስሄድ ግማሹ ታሞ አገኛለሁ። አንተ መዝራው እያማረህ፣ ሽማግሌው ሲጠይቁህ አንድ ቁጥር መጥራት አቅቶህ አይደለም። ምንም የለም አልክ። አላየሁም የሚል ሰው ነው የሚያስፈልገኝ።»

ሐቀኛ ነው ብሎ ነው። እኔ ግን ባዶ ነው ስል ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ላርመው ነበር፣ ተውኩት፤ መጀመሪያም በፉርጎ ነው የተቀጠርኩት።

መዝራው ላይ የሠራሁት ሥራ ሁሉ የአባ ሁመድ ነው። ጠዋት ገብቼ እቀመጣለሁ፤ አሸዋ በጣቴ አንሥቼ እለቃለሁ፤ ከዚያ አያለሁ። አብሮኝ የሚሠራው የኔፓል ሰው በመጀመሪያው ወሊድ ግልገሏን ብቻዋን ተኝታ አገኘና እናት ጥላታለች ብሎ ሊያቅፋት ሮጠ። እጁን ያዝኩት። የሳላ እናት ግልገሏን ደብቃ ትርቃለች፤ አጠገቧ ብትቆም ለጅብ ታመላክታታለች። ጅብ የሌለበት አገር መወለዷን ማን ይንገራት? የሰው ሽታ የነካት ግልገል ግን እናቷ ላትቀበላት ትችላለች። አጥሩ ጥግ ተቀምጠን ጠበቅን፤ እኔ አሥሬ ልነሣ እያልኩ፣ በአባ ሁመድ ድምፅ ራሴን «ተቀመጥ» እያልኩ። ጥላው ሲረዝም እናቲቱ መጣች።

ሁለተኛው ዓይኔም ተሠራ፤ ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ግን በቃኝ አልኩ። ባባ በር ድረስ ሸኘኝ፤ ፀሐይነሽ «አንበሶቹን ሰላም በሉልኝ፣ ሁሉንም» አለችኝ። ኡም ጉዋይሊና ገብቼ ትኬት ስጠብቅ አባ ሁመድ ዘንድ ልደውል አልኩ፤ የወንድማቸው ልጅ ስልክ አለው። ቂሜ አልቆልኝ ነበር፤ ልቀልድባቸው ፈልጌ ነው የደወልኩት።

«አባ ሁመድ፣ ያን ቀን ደግመው ያዙኝ እኮ።»

«በምን ያዝኩህ?»

«በፈተናዎ ነዋ። ስንት ናቸው ብለው።»

«ፈተና አልነበረም» አሉ። «እኔ ማየት ካቆምኩ ያኔ ቆይቻለሁ። ሽታቸው መጣልኝ። ሽታ ግን ስንት እንደሆኑ አይናገርም፤ ስለዚህ ጠየቅሁህ። ለሰውዬህ እንድትነግረው፣ ሥራህ እንዲሰጥህ።»

ፊቴን በእጃቸው መያዛቸው፣ ክንዴን መጨበጣቸው፣ «ሰማሁ» ማለታቸው፤ እንደማያዩ በዚያ ሁሉ ነግረውኝ ነበር እኮ።

«ባዶ ነው አልክ» ቀጠሉ። «ዓይን ያለው አንተ ነህ። እንግዲያ አፍንጫዬም አረጀ አልኩ። ሜዳው ባዶ ሆነ ብዬ ለጠየቀኝ ሁሉ ዳጉ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ ሜዳ አልወጣሁም።»

«ነበሩ!» አልኩ። «አባ ሁመድ፣ ነበሩ። ሽታው ልክ ነው። የእኔ ዓይን ነው የታመመው። በሰውዬው ካሜራ አየኋቸው።»

«በካሜራ?»

«አዎ፣ ሥዕላቸውን።»

«እንግዲያ አላየህም። ሰምተሃል ማለት ነው።»

«አሁን እኮ ዓይኔ ተሠራ!»

«ከተሠራ መጥተህ እይ። አይተህ ንገረኝ። ያኔ የሰጠሁትን ዳጉ አነሣለሁ።»

ይኸው እንግዲህ መቁነጥነጤ። ከሰገነቱ ላይ ሆኜ አውሮፕላን ሲወርድ እመለከታለሁ፤ ጭራው ላይ ያለው የመሃ ሥዕል ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ወርጄ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ፤ ይሰለቻሉ። ትናንት ደግሞ ደወልኩ።

«የሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ፣ አባ ሁመድ። ወተቱንም አልቤ ይዤልዎት ልምጣ?»

ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንደ ደረቅ ሣር ያለ ሳቅ ነው። ሲጨርሱ ድምፃቸው ተመለሰ።

«መጀመሪያ ቁጠር» አሉኝ።